ከመቺው ይልቅ ተመቺው

አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ የቪዲዮ ዴክ ይዛልን መጥታ ነበርና፣ ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ተከራይተን ቤት ውስጥ ካየናቸው የመጀመሪያዎቹ ካሴቶች አንዱ የሬስሊንግ ነበር። እናቴ ቡና እየቆላች ከኋላችን ቆማ ጥቂት ካየች በኋላ «ምነው፣ ይህ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ የሚገላግል ጠፋ?» አለች። ታላቅ ወንድሜ ነገሩ የውሸት እንደሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው ተነጋግረው እንደሚጣሉ ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ግን አንደኛው ሰው ወገቡን ይዞ ወለሉ ላይ ሲንፈራገጥ አይታ «ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያቃስተው?» ብላ ማንከሽከሻዋን ይዛ ወጣች። ያን ቀን ሁላችንም ሳቅንባት። አሁን ግን ስለ ሬስሊንግ ሲጠየቁ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ቁም ነገሩን የነካው የእናቴ ጥያቄ እንደነበር አምናለሁ።

ይህን ጨዋታ ከልጅነቴ ጀምሮ ስከታተል የደረስኩበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ሬስሊንግ የመቺው ሳይሆን የተመቺው ሙያ ነው። (በጽሑፍ «የሚመታው ሰው» ብል ኖሮ አንባቢው «መ»ን አላልቶ ቢያነብ መቺውን፣ አጥብቆ ቢያነብ ተመቺውን ያገኝ ስለነበር፣ ነገሩ እንዳይምታታ ብዬ ነው ሁለቱን ቃላት የመረጥኩት።) ቡጢ መሰንዘር፣ ወንበር ማንሣት፣ ከገመድ ላይ መዝለል ማንም ጉልበትና ድፍረት ያለው ሰው ሊማረው ይችላል። ያ ቡጢ ቡጢ የሚሆነው ግን ተመቺው ሲቀበለው ነው፤ አንገቱ ሲዞር፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላም ያንኑ ጎኑን መያዙን ሳይረሳ ሲቀር። የድሮው ይሻላል ወይስ የአሁኑ ለሚለው የማያልቅ ክርክር እኔ የምጠቀምበት ሚዛንም ይኸው ነው፤ በዚያ ዘመን ተመቺው ምን ያህል ጊዜ ይሰጠው ነበር፣ ምንስ ያስከፍለው ነበር? በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ጀማሪ ወደ ሬስሊንግ ማሠልጠኛ ሲገባ አስቀድሞ የሚማረው መውደቅን ነው። አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ጭንቅላቱ ወለሉን እንዳይነካ አንገቱን ያጠነክራል፣ ጀርባው በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያርፍ ያደርጋል፣ ክንዶቹን ዘርግቶ በመዳፎቹ ወለሉን ይመታል፤ በቴሌቪዥን የምንሰማው ያ ከፍተኛ ድምፅ በከፊል የመዳፎቹ ነው። ወለሉም ብዙ ሰው እንደሚገምተው ፍራሽ አይደለም፤ ከብረት በላይ የእንጨት ሳንቃ፣ ከሳንቃው በላይ ስስ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ በላይ የተወጠረ ሸራ ነው። ትልቅ ሰው ከትከሻ በላይ ተነሥቶ ሲወረወር የምናየውም ቢሆን፣ ተመቺው ራሱ በትክክለኛዋ ቅጽበት ካልዘለለና ክብደቱን ካላከፋፈለ በቀር ብዙ ጊዜ አይሳካም። ወንድሜ ለእናቴ «ተነጋግረው ነው» ያላት እውነት ነው። ሳይነግራት የቀረው ሰውነትን ለሌላ ሰው እጅ አምኖ መስጠት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ነው።

እኛ ሬስሊንግን ያወቅነው ካሴቶቹ በደረሱበት እንጂ ነገሩ በተፈጸመበት ቅደም ተከተል አልነበረም። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ስንቀመጥ ጥሩውን ሰው «አክተሩ»፣ ክፉውን «ቦሱ» ነበር የምንለው። ሃልክ ሆጋን በአንዱ ካሴት ቢጫ ለብሶ ልጆች የሚጮኹለት አክተር፣ በሌላው ካሴት ጥቁር ለብሶ ጢሙን አጥቁሮ ሕዝቡ ቆሻሻ የሚወረውርበት ቦስ ሆኖ ሲመጣብን፣ መንትያ ወንድም አለው ብለን የተከራከርንበት ጊዜ ነበር። በመካከሉ የጎደለንን፣ ማለትም በሐምሌ 1996 ፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች ላይ ወዳጆቹን ከድቶ ወደ ክፉዎቹ የተቀላቀለበትን ምሽት ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሕዝቡ ለዓመታት ያመነውን ሰው ሲያጣ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ያን ቀን ሪንጉ ውስጥ የተከመረውን የለስላሳ ብርጭቆና ወረቀት መመልከት ይበቃል።

ሆጋንን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት 1987 ሚሽጋን ውስጥ በፖንቲያክ ሲልቨርዶም በተካሄደው ሦስተኛው ሬስልማኒያ፣ ማለትም በዓመቱ ትልቁ የሬስሊንግ ዝግጅት፣ አንድሬ ዘ ጃያንት የተባለውን ግዙፍ ሰው አንሥቶ ወለሉ ላይ ያሳረፈበት ቅጽበት እስከ ዛሬ የዚህ ጨዋታ ዋና ምስል ሆኖ ቀርቷል። አዘጋጁ ኩባንያ፣ ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው፣ 93,173 ተመልካች ገብቷል ብሎ ዐውጇል፤ ቁጥሩ ተጋንኗል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለእኔ ልዩነቱ አያስጨንቀኝም። አንድሬ ከዚያ በፊት ማንም አንሥቶት እንደማያውቅ ተደርጎ ነበር የተነገረን፤ ይህም ውሸት ነበር፤ ሆጋን ራሱን ጨምሮ ሌሎች አንሥተውት ያውቃሉ። እውነት የነበረው ግን የአንድሬ ሕመም ነው። ሰውነቱ ያለ ልክ እንዲያድግ ያደረገው የሆርሞን በሽታ ወገቡንና ጉልበቱን ጎድቶት ስለነበር ለመቆምም ገመዱን መደገፍ ያስፈልገው ነበር። በማስታወቂያ 236 ኪሎ የተባለው ያ ሰው ዘውዱን ለሌላ ሰው ለማስረከብ በታመመ ወገቡ ለመነሣት ፈቀደ። እኛ ደግሞ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የጮኽነው ለሆጋን ክንድ ነበር። አንድሬ በጥር 1993 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

በዚያው ምሽት ከዋናው ፍልሚያ በፊት ራንዲ ሳቬጅና ሪኪ ስቲምቦት ያደረጉት ግጥሚያ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሳቬጅ ከወራት በፊት የሪንጉን ደወል ይዞ የስቲምቦትን ጉሮሮ ቀጥቅጦ ነበር፤ ታሪኩ ይኸው ብቻ ነው፤ ጉሮሮው የተጎዳ ሰው ሊበቀል ይመጣል። ሳቬጅ ለዝርዝር ነገር የሚጨነቅ ሰው ስለነበር ሁለቱ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ቁጥር ሰጥተው በወረቀት ጽፈው፣ እንደ ፈተና ተጠያይቀው ነው የገቡት። ያን ያህል የተጠና ነገር እንዴት ሕይወት ያለው ሊመስል ቻለ ብዬ ብዙ ጊዜ ሳስብ የማገኘው መልስ የስቲምቦት እጅ ነው። እያሸነፈ በነበረበት ሰዓት እንኳ እጁ ወደ ጉሮሮው ይሄዳል። ሳቬጅ ጉሮሮውን በገመድ ላይ ሲያስደግፈው የሚያሳየው ድንጋጤ የዚያች ደቂቃ ድንጋጤ አይደለም፤ የዚያን የደወል ቀን ትዝታ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሽንፈትን ለማወጅ እስከ ሦስት መቁጠር ያለበት ዳኛ ስንት ጊዜ «ሁለት» ላይ እንደቆመ ለመቁጠር ሞክሬ ሁልጊዜ ይምታታብኛል፤ ምክንያቱም በእያንዳንዱ ላይ መጨረሻው የሆነ ይመስለኛል፣ ውጤቱን እያወቅሁም።

ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በመጋቢት 1997 ቺካጎ አጠገብ፣ ብሬት ሃርትና ስቲቭ ኦስቲን ያደረጉት ነገር ለሐሳቤ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። ወደ ሪንግ ሲገቡ ብሬት አክተሩ፣ ኦስቲን ቦሱ ነበር፤ ሲወጡ ቦታ ተለዋውጠው ወጡ። ይህን ለውጥ ያመጣው ማንም የተናገረው ንግግር አይደለም። ብሬት የኦስቲንን እግሮች ጠምዝዞ ጀርባው ላይ ተቀመጠበት፤ የኦስቲን ግንባር ተተርትሮ ደሙ በአፍንጫው ወርዶ በጥርሶቹ መካከል ይፈስሳል፤ ዳኛው እጅ ትሰጣለህ እያለ ይጠይቀዋል፤ ኦስቲን በሁለት ክንዱ ተደግፎ ቀና ለማለት ይሞክራል፣ ለአንድ አፍታ ሊፈታ የደረሰ ይመስላል፣ ተመልሶ ይወድቃል። እጅ አልሰጠም። ራሱን ስቶ ነው የተሸነፈው። ሕዝቡ ሲጠላው የመጣውን ሰው ያን ቀን የወደደው ስላሸነፈ ሳይሆን በተሸነፈበት መንገድ ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኦስቲን የዚህ ንግድ ትልቁ ስም ሆነ፤ ኩባንያው ሰኞ ማታ በቴሌቪዥን ይፎካከረው የነበረውን ሌላ የሬስሊንግ ኩባንያ እንዲያሸንፍም ከማንም በላይ የረዳው እሱ ነበር። ቢራ ሲጨብጥ፣ አለቃውን ሲደበድብ የምናስታውሰው ኦስቲን የተወለደው ከዚያ ሽንፈት ነው።

ብሬት ሃርት ደግሞ ከዋንጫዎቹ ይልቅ የሚኮራው ተጋጣሚውን ክፉኛ ጎድቶ ባለማወቁ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ሞንትሪያል ላይ አለቃው ዳኛውን አስማምቶ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ያለ ውል እንደነጠቀው ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚያ ምሽት በቂ ተብሏል፣ እኔም አልጨምርበትም። ይልቅ የሚያሳዝነኝ በታኅሣሥ 1999 የሆነው ነው። ተጋጣሚው ጎልድበርግ ያልተመጠነ እርግጫ ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈበት፤ በዚያ ጉዳት ምክንያት በተከታዩ ዓመት ሙያው አበቃ። ሰውን ባለመጉዳት የሚኮራ ሰው በሌላ ሰው ግድየለሽነት ከሪንግ ወጣ።

ስለ ድሮው ዘመን ሳወራ እዚህ ላይ ድምፄ ዝቅ ይላል። በሰኔ 1998 ፒትስበርግ ላይ አንደርቴከር ሚክ ፎሊን አምስት ሜትር ከሚጠጋው የብረት አጥር ጫፍ ወደ ተንታኞቹ ጠረጴዛ ሲወረውረው፣ እኛ ካሴቱን እየመለስን ስንት ጊዜ እንዳየነው አላስታውስም። እያየን እንስቅ ነበር። ፎሊ ከተሸከሙት ሰዎች እጅ ወርዶ ተመልሶ አጥሩ ላይ ወጣ፤ ከዚያ የአጥሩ ጣሪያ ሽቦ ያለ ዕቅድ ተበጥሶ ወደ ሪንጉ ወለል ወደቀ፤ ጥርሱ ወልቆ ወደ አፍንጫው ገባ። ያ ሁለተኛው አወዳደቅ የማንም ጥበብ አልነበረም፤ አደጋ ነበር፤ እኛ ግን ልዩነቱን አላወቅንም፣ የዚያን ጊዜው ሬስሊንግም እንድናውቅ አልፈለገም። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1999 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ፣ የብሬት ታናሽ ወንድም ኦወን ሃርት ከአዳራሹ ጣሪያ በገመድ ሊወርድ ሲል መያዣው ተፈትቶ ወድቆ ሞተ። 34 ዓመቱ ነበር። ዝግጅቱ አልተቋረጠም፤ ጓዶቹ እሱ በወደቀበት ሪንግ ውስጥ የቀሩትን ግጥሚያዎች አደረጉ። በዚያ ዘመን ፍቅር የምንሠቃይ ሰዎች ይህን ሳንጠቅስ «ወርቃማው ዘመን» ማለት ነውር ይመስለኛል።

ከዚያም ሞቱ ተከታተለ። ኤዲ ጌሬሮ በኅዳር 2005 በ38 ዓመቱ በልብ ሕመም ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ በዚያ ምክንያት በተከታዩ ዓመት ኩባንያው የመድኃኒትና የጤና ምርመራ ሥርዓት አወጣ። በሰኔ 2007 ክሪስ ቤንዋ ሚስቱንና ልጁን ገድሎ ራሱን አጠፋ፤ አንጎሉን የመረመሩት ሐኪሞች በተደጋጋሚ ምት የሚመጣ ከባድ ጉዳት እንዳገኙበት ተናገሩ። ያ ሰው ለዓመታት በወንበር ሲመታ፣ ከገመድ ጫፍ በጭንቅላቱ ቀድሞ ሲዘል አጨብጭቤለታለሁ፤ ያጠፋውን ነፍስ ጉዳቱ አያቀልለትም፤ ጭብጨባዬ ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከ2010 ጀምሮ በደብሊው ደብሊው ኢ ጭንቅላትን በወንበር መምታት ተከለከለ። «ሬስሊንግ ለሰለሰ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምመልሰው ይህንን ነው። ይልቅ የሚያስቆጣኝ እነዚህ ሰዎች እስከ ዛሬ በሕግ ፊት ተቀጣሪ ሳይሆኑ በግላቸው የሚሠሩ ተዋዋዮች ተደርገው መቆጠራቸው፣ የሠራተኛ ማኅበርም የሌላቸው መሆኑ ነው። መውደቅን ሙያው ያደረገ ሰው ከኋላው የሚይዘው ነገር ሊኖር ይገባ ነበር።

ወደ አሁኑ ዘመን ልምጣ። የዛሬዎቹ ተፋላሚዎች በአካል ብቃት ከድሮዎቹ እጅግ ይበልጣሉ፤ ይህን የሚክድ ሰው ትዝታው ዐይኑን ጋርዶታል። ችግሬ ሌላ ቦታ ነው። በግንቦት 2016 ቶኪዮ ውስጥ ዊል ኦስፕሬይና ሪኮሼ ያደረጉትን ግጥሚያ ያየ ሰው፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ተገልብጠው፣ በአንድ ጊዜ አርፈው፣ እኩል ሲተያዩ ያስታውሳል። ዓለም በሁለት ተከፈለ። ግዙፉ የድሮ ተፋላሚ ቫደር ይህ ጂምናስቲክ እንጂ ሬስሊንግ አይደለም ብሎ ተቆጣ፤ በደህና ዘመኑ ያን ሁሉ ክብደቱን ተሸክሞ ከገመድ ጫፍ ወደ ኋላ ተገልብጦ ይዘል የነበረው ራሱ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ክርክሩም በዚያው ክረምት ለንደን ውስጥ ቫደርና ኦስፕሬይ በሪንግ እንዲገናኙ ምክንያት ሆነ፤ በዚህ ሙያ ጠብም ቢሆን ትኬት ይሸጥበታል። እኔ የሁለቱን ልጆች ብቃት አደንቃለሁ፤ ቅሬታዬ አንዱ ሌላውን ሲመታው የተመታው ሰው ለመታመም ጊዜ ማጣቱ ነው። ዛሬ በብዙ ግጥሚያዎች፣ በተለይ ከ2019 ወዲህ በተነሣው ተፎካካሪው ኩባንያ ኤ ኢ ደብሊው ውስጥ፣ ድሮ ሰውን ይጨርስ የነበረው ምት በሦስተኛው ደቂቃ ይሰነዘራል፣ ተመቺው ይነሣል፣ የባሰ ይመልሳል፣ እግሩን ሲጠመዘዝ የቆየው ሰው በዚያው እግሩ ሮጦ ይዘላል። ሕዝቡ «ይህ ድንቅ ነው» እያለ በዜማ ይጮኻል። ድንቅ መሆኑ እውነት ነው። ለሰውየው ግን ማንም አልፈራለትም።

ትዕግሥቱ ጨርሶ ጠፍቷል እንዳልል ደግሞ የሳሚ ዜይን ነገር አፌን ይዘጋኛል። በጥር 2023 ሳን አንቶንዮ ላይ ሮማን ሬይንስ ግጥሚያውን ካሸነፈ በኋላ፣ የሳሚ የቆየ ወዳጅ ኬቨን ኦወንስ ሁለት እጁ በካቴና ከገመዱ ጋር ታስሮ ይደበደባል። ሳሚ ለወራት ወደ ሬይንስ ቤተሰብ ለመግባት ሲላላክ፣ ሲያስቃቸው፣ ሲገፉት ሲመለስ የቆየ ሰው ነው። ሬይንስ ወንበሩን ሰጥቶ «ምታው» ይለዋል። ሳሚ ወንበሩን ይዞ ይቆማል። ዝም ብሎ ይቆማል። ኦወንስን ያያል፣ ወንበሩን ያያል፣ ሬይንስ ይሰድበዋል፣ ይገፋዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሕዝብ ምን እንደሚሆን እያወቀ እንኳ ትንፋሹን ይዟል። ከዚያ ወንበሩ የሬይንስ ጀርባ ላይ ያርፋል። አንድ ምት ብቻ ነበር፣ እሱም ጀርባ ላይ፤ ማንም ሰው አጥንቱ አልተሰበረም፤ የእኔ ልብ ግን ከአምስት ሜትሩ አወዳደቅ ይልቅ በዚህ ደነገጠ። ወዲያው ዘመዶቹ ሳሚን ሲረባረቡበት ጄይ ኡሶ ብቻ እጁን ሳያነሣ ከሪንጉ ወርዶ ሄደ። ይህ ታሪክ በዛሬው ዘመን፣ ሁሉም ነገር በስልክ ተቆራርጦ በሚታይበት ዘመን፣ ተሠርቷል። ስለዚህ ጥፋቱ የዘመኑ ነው ማለት አልችልም።

ሴቶቹን በተመለከተ ክርክር የለኝም፤ የአሁኑ ይበልጣል። በየካቲት 2015 የሴቶች ግጥሚያ 30 ሰከንድ ያህል ብቻ ተሰጥቶት ተመልካቹ በኢንተርኔት የተቆጣበትን ሳምንት አስታውሳለሁ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ብሩክሊን ላይ ሳሻ ባንክስ፣ ቤይሊ ገመዱን ይዛ ለመላቀቅ የዘረጋችውን፣ ከዚያ በፊት ተሰብሮ የነበረውን እጇን በጫማዋ ስትረግጠው ግን ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። የስቲምቦት ጉሮሮ እዚያ ነበር፤ በሌላ ሰው እጅ ላይ። ከአራት ዓመት በኋላ በሚያዝያ 2019 ቤኪ ሊንች፣ ሮንዳ ራውዚና ሻርሎት ፍሌር የሬስልማኒያን መዝጊያ ፍልሚያ አደረጉ።

በዚያው ምሽት ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ ዋናውን የዓለም ቀበቶ ወሰደ፤ በአፍሪካ ተወልዶ ያን ቀበቶ የያዘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ኮፊ በ2008 ሲጀምር ጃማይካዊ ነው ተብሎ፣ የጃማይካ አነጋገር እየኮረጀ ነበር የቀረበው፤ ጋናዊነቱ ለመሸጥ አይመችም ብሎ ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሌሎች ሲወድቅ ቆይቶ ተራው ሲደርስ፣ ልጆቹ ወደ ሪንጉ ገብተው ሲያቅፉት ማልቀሴን አልደብቅም። በጥቅምት ያን ቀበቶ ለብሮክ ሌስናር አስረከበ፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ። አንድ ማንሣት፣ አንድ መውደቅ፣ አለቀ። መሸነፉ አይደለም የከነከነኝ፤ በዚህ ሙያ ሁሉም ይሸነፋል። ዕድሜውን በሙሉ አሳምሮ ሲወድቅ የኖረን ሰው አሳምሮ እንዲሸነፍ አምስት ደቂቃ እንኳ መንፈግ ግን ስድብ ነው። ራሱ ሌስናር በ2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ፣ 21 ጊዜ በሬስልማኒያ ተሸንፎ የማያውቀውን አንደርቴከርን ሲያሸንፍ ዳኛው «ሦስት» ካለ በኋላ አዳራሹ እንዴት ጸጥ እንዳለ ያየ ሰው፣ ሽንፈት ቦታ ሲሰጠው ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ካሜራው አፋቸውን ከፍተው የቀሩ ሰዎችን አንድ በአንድ ሲያሳየን ነበር።

ጆን ሲናን በወጣትነቴ አልወደውም ነበር። ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ የተመታ አይመስልም፣ ተነሥቶ ያንኑ አምስት እንቅስቃሴ ይደግማል፤ የልጆች ነው እል ነበር። በሚያዝያ 2025 ለአሥራ ሰባተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ የሪክ ፍሌርን 16 ሲያልፍም ብዙ አልሞቀኝም። የመጨረሻ ግጥሚያውን በታኅሣሥ 2025 ዋሺንግተን ላይ ሲያደርግ ግን ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁ። ኦስትሪያዊው ጉንተር ከኋላ አንገቱን አንቆ ይዞታል። ሲና ደጋግሞ ለማምለጥ ይሞክራል፣ ይመልሰዋል። «ፈጽሞ እጅ አትስጥ» የሚለውን መፈክር ለሃያ ዓመት በፎጣና በካናቴራ ላይ ሲሸጥ የኖረው ሰው ፊቱ ቀስ ብሎ ፈታ አለ፣ ፈገግ አለ፣ መዳፉንም በጉንተር ክንድ ላይ መታ መታ አደረገ፤ በሬስሊንግ ቋንቋ ይህ እጅ ሰጠሁ ማለት ነው። አዳራሹ በቁጣ ጮኸ። የእህቴ ልጅም «አጎቴ፣ ለምንድን ነው የሳቀው?» እያለ ተናደደ፤ ሲና እንደዚህ መጨረስ አልነበረበትም ብሎ ለሳምንት አኮረፈ። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

በሳምንቱ ቅዳሜ ልጁን ለማባበል የሳቬጅንና የስቲምቦትን ግጥሚያ ከፈትኩለት። ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፣ የሚዘል ሰው ትንሽ ነው፤ እሱም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ስልኩን አውጥቶ አንገቱን ደፋ። ምንም አላልኩትም። ስቲምቦት በገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሲታነቅና አየር ሲያጥረው ግን ልጁ ቀና አለ።

«ጉሮሮውን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የያዘው?» አለኝ።

ቪዲዮውን አቆምኩና ከደወሉ ጀምሬ ነገርኩት።